በብርድ ወቅት ክፍት ማሳ ላይ ወፍ የማይታየው ለምንድነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ወፍ ማየት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሁሉ ብርድ ሳይነጋ ወጥቼ ከከተማ ውጪ ያለ ሜዳ የሆነ የእርሻ ማሳ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። ያየሁት ቁራ፣ ትንሽ እርግብና ከሩቅ አንድ ጭልፊት የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ወፎቹ ሁሉ ወደ ሞቃት አገር ሄደው ነው? እስከ ስፕሪንግ፣ ብርዱ እስኪያልፍ፣ ልተወው? ወይስ ያለኝ 12 በ25 ባይኖኩላር ደካማ ሆኖ ነው፣ 20 ጊዜ የሚያጎላ ልግዛ? በድምፅ የሚለይ አፕም ጭኛለሁ፣ ምንም አልያዘልኝም።»

20 የሚያጎላውን አትግዛ፣ ምክንያቱን ወደታች እነግርሃለሁ። ስፕሪንግ ድረስ መጠበቅም አያስፈልግም። ባይኖኩላርህ ትንሽ ጥፋት አለበት፣ ትልቁ ጥፋት ግን አራት ሰዓት ሙሉ መዞርህ ነው። ሜዳ ማሳ ላይ የሚራመድ ሰው ከሩቅ ነው የሚታየው፣ አንተ ወፉን ሳታገኘው እሱ አንተን አይቶ ጨርሷል፣ ወይ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ እስክታልፍ ዝም ይላል ወይ ደግሞ ቀድሞህ ተነስቶ ሌላ ማሳ ገብቷል። ስለዚህ «የለም» ያልከው አብዛኛው እዚያው ነበር።

ወደ ሞቃት አገር ሄደዋል የሚለው ግማሹ ብቻ ነው እውነት። አየር ላይ ነፍሳት እያሳደዱ የሚበሉት፣ እነ ስዋሎው የሚባሉት ወፎች፣ አዎ ሄደዋል፣ ምግባቸው ስላለቀ መቆየት አይችሉም። ግን በነሱ ፈንታ ከዚያም ወደ ሰሜን ያሉት ወርደው ይመጣሉ፣ አርክቲክ ላይ ለከረመ ወፍ አንተ የምትንቀጠቀጥበት ብርድ ሙቀት ነው። አውሮፓ ውስጥ ከሆንክ ፊልድፌርና ሬድዊንግ የሚባሉት ወፎች ከስካንዲኔቪያ በኩል፣ ሁፐር ስዋን ከአይስላንድ እየመጡ ማሳ ላይ ይከርማሉ። ሰሜን አሜሪካ ከሆንክ ደግሞ ስኖው በንቲንግ፣ ላፕላንድ ሎንግስፐር፣ እግሩ እስከ ጣቱ ድረስ ላባ የለበሰው ራፍ ሌግድ ሃውክ አሉ፣ ሁሉም የቱንድራ፣ ዛፍ የማይበቅልበት የሰሜን ብርዳም ሜዳ፣ ልጆች ናቸው። በአንዳንድ ዓመት ነጩ የበረዶ ጉጉት ሳይቀር ወርዶ እርሻ ላይ ይቀመጣል። እነዚህን በስፕሪንግ ብትፈልጋቸው አታገኛቸውም፣ ይሄ ወቅት የራሱ ወፍ አለው።

ታዲያ ማሳው ለምን ባዶ መሰለ? በመራቢያ ወቅት እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ድንበር ይዞ ሌላውን ስለሚያባርር ወፎቹ በየቦታው ተበትነው ነው የሚኖሩት፣ የትም ብትሄድ ጥቂት ጥቂት ታያለህ። ዊንተር ላይ፣ በዚህ በብርዱ ወቅት ማለት ነው፣ ይሄ ድንበር ለአብዛኞቹ ይፈርሳል፣ ይሰበሰባሉ። አንዱ ምክንያት ጭልፊት ነው፣ ሁሉም ራሱን ደፍቶ ሲለቅም አንዱ ቀና ማለቱ አይቀርም፣ ብዙ ዓይን ያለው መንጋ ቀድሞ ያያል። ሌላው ምግቡ ራሱ ተበትኖ አለመገኘቱ ነው፣ አንድ ማሳ ላይ ሞልቶ ቀጥሎ ያሉት ላይ ምንም የለም። ሰፈሩ ጭር ያለው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም አንድ ሰርግ ቤት ስለገባ ነው እንደማለት ነው። ያንተ ሥራ ሰፈሩን መዞር ሳይሆን ሰርግ ቤቱን ማወቅ ነው።

ሰርግ ቤቱ በብዛት የቃርሚያ ማሳ ነው። እህሉ ታጭዶ ቁራጭ አገዳው እንደቆመ የቀረ፣ ገና ያልታረሰ፣ በተለይ መሃል መሃሉ ላይ አረም ያለበትና ቆሻሻ የሚመስል። ለሰው ዓይን አስቀያሚ ነው፣ ፊንች፣ በንቲንግና ላርክ ለሚባሉት ትንንሽ ዘር ለቃሚ ወፎች ግን የፈሰሰው እህልና የአረሙ ዘር ነው ዊንተሩን የሚያወጣቸው። ፅድት ያለ፣ አረንጓዴ ሳር የመሰለ ለጋ ስንዴ የበቀለበት ማሳ ደስ ይልሃል፣ አትቁምበት፣ ዘር የሚለቅሙ ወፎች እዚያ የሚያገኙት ነገር የለም (ዝይ ካልሆነ፣ ዝይ ቡቃያውን ይግጣል)። በነገራችን ላይ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ወፍ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ገበሬው በስፕሪንግ ይዘራው የነበረውን እህል ወደ መኸር ስላመጣው ዊንተሩን ሙሉ ቆሞ የሚከርም ቃርሚያ ጠፋ፣ የተረፈውም ላይ የአረም መድኃኒት ዘሩን ጨረሰው። የአውሮፓ የእርሻ ማሳ ወፎች ቁጥር ከ1980 ጀምሮ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ስለዚህ ባዶ ማሳ ማየትህ ሁሌ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አንዳንድ አካባቢ በእውነትም ባዶ ነው፣ ይሄን መቀበል ያስፈልጋል።

ቃርሚያው ውስጥ ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ አይቀመጥም። ስካይላርክ ዛፍና ቁጥቋጦ አይወድም፣ መሃል ሜዳ ላይ ነው የሚሆነው። በንቲንግና ፊንች ግን ጭልፊት ሲመጣ ዘልለው የሚገቡበት አጥር አጠገብ ነው የሚለቅሙት። አንተ መሃሉን አቋርጠህ ከሄድክ ላርኩን አስነሳህ፣ አጥሩን ተጠግተህ ከሄድክ በንቲንጉን ገፋህ፣ ለዚህ ነው መራመዱን አቁም የምልህ።

ከብት የሚውልበት የግጦሽ መሬት ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ያለው ዘር ሳይሆን ትል ነው፣ ላፕዊንግና ጎልደን ፕሎቨር የሚባሉት ትል ለቃሚ ወፎች በመንጋ ይወርዱበታል። መሬቱ በውርጭ ከደረቀ ግን ትሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንቃርም አያስገባም፣ ያኔ መንጋው ባንድ ቀን ውስጥ ብድግ ብሎ ውርጭ ወደሌለበት ይሄዳል፣ ትናንት የነበሩት ዛሬ የሉም ብለህ አትገረም። ጨረቃ በደመቀችበት ሰሞንም ሌሊት ሲበሉ ስለሚያድሩ ቀኑን ቆመው ነው የሚውሉት። የቆመ ፕሎቨር ደግሞ ከሩቅ የአፈር ጓል ነው የሚመስለው፣ ምንም ልዩነት የለውም። አንድ ዘዴ ልንገርህ፣ ጓሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ነፋሱ ያዞሩ ከመሰለህ ጓል አይደሉም፣ ቆይና እያቸው፣ አንዱ ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥ ብሎ ጎንበስ ይልና እንደገና ጓል ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ባዶ ብለህ ያለፍከው እርሻ ላይ ትልቅ መንጋ ሊኖር ይችላል። ትራክተር እያረሰ ካየህ ከኋላው ተከትሎ የሚሄደውን ነጭ መንጋ ሁሉ «ጋል ነው፣ የባሕር ዳር ወፍ» ብለህ አትለፈው፣ መሃሉ ሌላም አለ። የፍግ ክምርም እይ፣ ሙቀት ስላለው ነፍሳት አይጠፋውም፣ ዋግቴልና ፒፒት የሚባሉት ትንንሽ ነፍሳት በል ወፎች እዚያ ይመጣሉ።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። «ሳይነጋ መውጣት» የሚለው ምክር የመጣው ወፎች ንጋት ላይ ከሚዘምሩበት ከስፕሪንግ ነው፣ ዊንተር ላይ እንደዚያ አይሠራም። ቀኑ አጭር ነው፣ ለንደን ላይ ዲሴምበር መጨረሻ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ 8 ሰዓት ርዝመት አይሞላም፣ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር ደግሞ እያጠረ ይሄዳል። ትንሽ ወፍ በአንድ ረጅም ሌሊት ብርድ ለመቋቋም ብቻ ከሰውነቱ ክብደት እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላል፣ ያንን ለመመለስ ቀኑን ሙሉ መብላት ግዴታው ነው። ስለዚህ ቀን ቀትር ላይም ብትሄድ እየበላ ነው የምታገኘው። ንጋት ላይ ያለህ ጭጋግ፣ ደብዛዛ ብርሃንና የደነዘዘ ጣት ነው። ያለህ ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ እኔ የምመክርህ ያለማመንታት ከሰዓት በኋላውን ነው፣ ፀሐይ ከመግባቷ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ቦታህን ይዘህ እስኪጨልም ቆይ። ጆሮው አጭሩ ጉጉት፣ ሾርት ኢርድ አውል የሚባለው፣ ገና ብርሃን እያለ ነው ለአደን የሚወጣው፣ ሃሪየር የሚባሉት አዳኝ ወፎች ረጅም ሳር ውስጥ መሬት ላይ ተሰብስበው ስለሚያድሩ ወደ ማደሪያቸው ዝቅ ብለው ሲገቡ ታያቸዋለህ፣ ስታርሊንግም የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ካደረና ቀኑ ካባራ ደግሞ ነጩ የጎተራ ጉጉት በቀን ሊወጣ ይችላል፣ ላባው ለስላሳ ስለሆነ ዝናብ አይችልም፣ ሌሊት ማደን ካልቻለ ይርበዋል።

ኃይለኛ ነፋስ ያለበት ቀን ከሆነ ቤትህ ቅር፣ ትንንሾቹ ተደብቀው ነው የሚውሉት፣ አንተም ምንም አትሰማም። ስስ በረዶ የወደቀበት ቀን ግን እንዳያመልጥህ፣ መሬቱ ሲሸፈን ወፎቹ በረዶ ያልያዘው ቦታ ላይ፣ መንገድ ዳርና ፍግ የተበተነበት ላይ ስለሚከማቹ ፍለጋው ይቀላል።

አቋቋምህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር እዚህ ነው የሚበላሸው። ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ላይ በዊንተር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምትዞረው፣ ከማሳው ሰሜን ቆመህ ወደ ደቡብ ካየህ ሁሉም ወፍ ጥቁር ጥላ ነው የሚሆንብህ፣ እሱ «ጭልፊት የሚመስል ነገር» ያልከው ምናልባት እንዲህ ሆኖ ይሆናል። ስለዚህ ደቡብ ጠርዝ ላይ ሁን፣ ፀሐይዋ ከኋላህ። ጉብታ አናት ላይ አትቁም፣ ከኋላህ አጥር ወይ ዛፍ ይኑር፣ የሰውነትህ ቅርፅ ሰማይ ላይ እንዳይወጣ። የወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ ምናምን አያስፈልግም፣ ወፍን የሚያስደነግጠው ከቀለሙ ይልቅ እንቅስቃሴው ነው። መኪና ካለህ መንገድ ዳር አቁመህ ከውስጥ ማየት ከሁሉም ይሻላል፣ ወፎች ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ቆሞ ያለ መኪና ግን ብዙም አያስጨንቃቸውም። መስኮቱን ክፈትና ማሞቂያውን አጥፋ፣ ሞቃት አየር በመስኮቱ ሲወጣ ምስሉን እንደ ውሃ ያርገበግበዋል፣ ከዚያ ሰው ባይኖኩላሩን ይወቅሳል። አዎ ይበርድሃል፣ ሁለት ካልሲ አድርግ።

ከቆምክ በኋላ መጀመሪያ የሩቁን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለህ እይ፣ ቀጥሎ የአጥር እንጨቶቹን አንድ ባንድ፣ ከዚያ ማሳውን። ይሄን ጨርሰህ ምንም ካጣህ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ድገመው፣ ቃርሚያ ውስጥ ያለ መንጋ አገዳው ስለሚሸፍነው አንዴ ብድግ ብሎ ቦታ ካልቀየረ አይታይም። መንጋው ያለ ምክንያት ባንዴ ግር ብሎ ከተነሳ ደግሞ መንጋውን አትይ። አስነሺውን ፈልግ። ከላይ ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ሊሆን ይችላል፣ ወይ መሬት ታክኮ የሚመጣው ትንሹ ጭልፊት ሜርሊን፣ ብዙ ሰው መንጋው ሲዞር አፉን ከፍቶ እያየ ዋናውን ያጣል።

ያንን ጭልፊትህን በተመለከተ፣ በርቀት ቀለም ሳይሆን አበራረር ነው የሚለየው። አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ክንፉን እያርገበገበ ከቆመ ኬስትረል የሚባለው ትንሽ ጭልፊት ነው ብለህ ጀምር (ራፍ ሌግድም እንደዚህ ይቆማል፣ ግን እሱ በጣም ትልቅ ነው)። ክንፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ወዲህ ወዲያ እያለ ማሳውን የሚያስስ፣ ከጅራቱ በላይ ነጭ ምልክት ያለው ከሆነ ሃሪየር ነው። አጥር እንጨት ላይ ተጎልቶ የማይነቃነቅ ወፍራም ከሆነ በዛርድ የሚባለው ትልቅ አዳኝ ወፍ ወገን ነው። ትንንሾቹን ቡናማ ወፎች ደግሞ ሁሉንም ልለይ ብለህ አትድከም፣ አይቻልም፣ ለባለሙያም አይቻልም። ከእግራቸው ጀምር፣ ላርክና ፒፒት ይራመዳሉ፣ አብዛኛው በንቲንግና ድንቢጥ ግን ይዘልላል። ሲነሱ የጅራታቸው ዳርና ዳር ነጭ መሆን አለመሆኑን እይ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ግማሹን ሥራ ይጨርሱልሃል፣ የቀረውን «ያልታወቀ» ብለህ ፅፈህ እለፍ።

አሁን ባይኖኩላሩ። 12 በ25 ማለት 12 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው። 25ን ለ12 ስታካፍል ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣልሃል፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ደመና ባለበት የዊንተር ከሰዓት የዓይንህ ብሌን ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ የምታየው ጨለምለም ያለ ነገር ነው። 8 በ42 ብትወስድ 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ልዩነቱን ማምሻ ላይ ራስህ ታየዋለህ። አንተ ልትገዛ ያሰብከው 20 የሚያጎላ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ 2.5 ነው፣ በዚያ ላይ የእጅህን መንቀጥቀጥም 20 ጊዜ ያጎላዋል፣ በብርድ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳይህም ቦታ ጠባብ ስለሆነ የሚበር ወፍ ውስጡ ማስገባት ፈተና ነው። ስለዚህ 8 በ42፣ አለቀ። 10 በ42 የሚሉህ አሉ፣ ለክፍት ሜዳ መጥፎ አይደለም፣ እጅህ የረጋ ከሆነ ሂድበት። የሩቁን ማየት የግድ ካልክ መልሱ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ነው እንጂ የሚያጎላ ባይኖኩላር አይደለም፣ እሱም የመጀመሪያ ዓመት ግዢ አይደለም። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ባይኖኩላሩን ወዲያው አታውጣው፣ ቦርሳው ውስጥ ዘግተህ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ማሳው የሰው ነው፣ የሕዝብ መንገድ ከሌለበት ሳታስፈቅድ አትግባ፣ ቡቃያም አትርገጥ። በብዙ አገር ዊንተር የአደን ወቅት ስለሆነ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ልበስ (ወፎቹ ከቀለሙ ይልቅ እንቅስቃሴውን ነው የሚፈሩት ያልኩህ እዚህ ይጠቅምሃል)። በበረዶ የተሸፈነ ቦይ ጠንካራ መሬት ይመስላል፣ አትመነው። የሞተ ወይ የታመመ ወፍ ካየህ በእጅህ አትንካ፣ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ከ2021 ወዲህ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የዱር ወፎችን በብዛት ገድሏል፣ ለአካባቢው ባለሥልጣን ማሳወቅ ይበቃል። ውሻ ካለህ እሰረው። እና ፎቶ ለማንሳት ብለህ መንጋ ሆን ብለህ አታስነሳ፣ ቅድም ያልኩህን 10 በመቶ አስበው፣ አንዴ ሲነሱ የሚያቃጥሉት ጉልበት ለሌሊቱ ያጠራቀሙት ነው። ጉጉት ያገኘህበትን ትክክለኛ ቦታም በይፋ አትፃፍ፣ በማግስቱ ከብቦት የሚቆም ሰው ይመጣል።

ብቻህን ከምትለፋ ደግሞ የወፍ ቆጠራ ላይ ተመዝገብ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ፍራንክ ቻፕማን በ1900 የጀመረው የገና ወፍ ቆጠራ እስከ ዛሬ አለ፣ በየዓመቱ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ባለው ጊዜ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ተከፋፍሎ ይቆጠራል፣ ጀማሪን ከአዋቂ ጋር ነው የሚመድቡት። ሌላም ቦታ ተመሳሳይ አለ። አንድ ቀን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቆመህ ብትውል ይሄን ሁሉ ፅሁፍ ከማንበብ ይበልጥብሃል። ያየኸውን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገፅ ላይ መዝግብ፣ ያየኸው አራት ቁራ ብቻ ቢሆንም መዝግብ፣ ምን እንደሌለ ማወቅም ለሚያጠኑት መረጃ ነው።

አፑ ያልያዘልህ ስለተበላሸ አይደለም። እነ ሜርሊን (ጭልፊቱ ሳይሆን በስሙ የተሰየመው አፕ) በድምፅ የሚለዩት ወፉ ሲዘምር ጥሩ ናቸው፣ ዊንተር ላይ ግን አብዛኞቹ አይዘምሩም፣ ሲበሩ አንድ አጭር «ጭርት» ብለው ያልፋሉ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱ የስልኩን ማይክ ይሞላዋል። ፎቶ አስገብተህ መጠየቁ ይሻልሃል፣ ውጤቱን ግን እንደ ጥቆማ ውሰደው እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰደው፣ ባለህበት አካባቢ በዚህ ወር የማይጠበቅ ወፍ ካለህ ተጠራጠር። ድምፁን ከስልክ ከፍተህ ወፍ መጥራት ግን አታድርግ፣ በልቶ ሊያድር የሚሯሯጠውን ወፍ በከንቱ ታደክመዋለህ። ስልኩንም የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዘው፣ ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ይሞታል።